ጎበዝ ያልተባልኩበት ቤት

ልጅ እያለሁ አንዲት ቃል ከአባቴ አፍ ለመስማት ያልሆንኩት ነገር አልነበረም። ቃሏ «ጎበዝ» ናት። ይህን የምታነቡ የዕድሜ እኩዮቼ ትስቁብኝ ይሆናል፤ ጎበዝ መባል ደግሞ ምን ብርቅ ነገር ሆኖ ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብርቅ አልነበረም። በእኛም ቤት እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ ታፈሰው ነበር። ሾርባዬን ስጨርስ ጎበዝ፣ ጫማዬን ራሴ ሳስር ጎበዝ፣ ካስነጠስኩ እንኳ «ይማርሽ» ካለችኝ በኋላ ጎበዝ ልትለኝ ትንሽ ነበር የሚቀራት። እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ቀበና ያደገች፤ ለእሷ ጎበዝ ማለት ከረሜላ ማለት ነው። ከረሜላ ደግሞ ኪስ ሙሉ ሲሆን አያስጎመጅም።

አባቴ ግን የጎጃም ሰው ነው። ማቻክል ገጠር ተወልዶ፣ ደብረ ማርቆስ ተምሮ፣ ለምሕንድስና ትምህርት ጀርመን መጣ። አገር ሲገለባበጥ ይላክለት የነበረው ገንዘብ ቆመ፣ ትምህርቱም ቆመ፣ እሱም ከከተማው ዳር ፌኸንሃይም በሚባል ሰፈር ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ ገብቶ ቀረ። አንደበቱ ቁጥብ ነው። እራት ላይ «ጨው አቀብዪኝ» ካለ ብዙ ተናገረ ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚሰጠው ቃል ደግሞ በሚዛን የተለካ ይመስላል። ስለዚህ የእናቴን ጎበዝ እንደ ትንፋሽ ንቄ የአባቴን መጠበቅ ጀመርኩ።

እንኖር የነበረው ጋሉስ በሚባል ሰፈር ነው፣ አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር በሌለበት። ደረጃው የወለል ሰምና የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ይሸታል፤ ወደ እኛ በር ሲጠጉ ደግሞ የሽንኩርት ቁሌት ያሸንፋል። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንሾካሾካሉ። ከትምህርት ቤት መልስ ግቢው ውስጥ ከቱርኮቹና ከጣሊያኖቹ ልጆች ጋር ላስቲክ እንዘላለን፤ የሕንፃው ጠባቂ መስኮት ከፍቶ እስኪጮህብን ድረስ። እኔ ግን ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነው። አሥራ አንድ ቁጥር ሽትራሰንባን፣ የከተማው ባቡር፣ ከፌኸንሃይም አባቴን ይዞ ሲመጣ ደወሉን ለይቼ አውቀዋለሁ። ሮጬ ካፖርቱ ውስጥ እገባለሁ፤ ካፖርቱ ብረትና የፋብሪካ ሳሙና ይሸታል። «ልጄ» ይለኛል። ከዚያ ዝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኖርድኤንድ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ አማርኛ እንማራለን። የሚያስተምሩን ጋሽ መኮንን የሚባሉ ድሮ አገር ቤት መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ጥሩ የጻፈ ልጅ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ!» ብለው ይጽፋሉ፤ ቃለ አጋኖው ከቃሉ ይረዝማል። ምን ማለት እንደሆነ ስንጠይቃቸው «ጉት ገማኽት» አሉን፣ ጥሩ ሠራህ ማለት ነው። በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ። ጎበዝ ማለት ጥሩ የሠራ ነው ብዬ ያዝኩ።

የመጀመሪያዬን ባለቀይ ወረቀት ይዤ ለአባቴ አሳየሁት። አነበበው፣ ፊደሎቼን በጣቱ ተከተለ፣ ከዚያ «ሸጋ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሸጋ! እናቴ ሸጋ የምትለው ለመጋረጃ ነበር። ሱቅ ገብታ ጨርቅ ስትዳስስ «ሸጋ ነው፣ ግን ይጨማደዳል» ትላለች። እና አባቴ እኔን ከመጋረጃ ጋር መደበኝ። በሒሳብ አይንስ አመጣሁ፤ እዚህ አገር አንድ ማለት ከሁሉ የላቀ ውጤት ነው። «ሸጋ» አለኝ። ዋና ተማርኩ፣ «ሸጋ» አለኝ። አባቴ ጎበዝ የሚለውን ቃል አያውቀው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የማያውቀውን ቃል ሊሰጠኝ አይችልም።

ከዚያ ደሳለኝ መጣ።

ደሳለኝ የአባቴ የሟች ወንድሙ ልጅ ነው። በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ እዚያ ብዙ ቆይቶ፣ አባቴም ከቢሮ ቢሮ ተንከራቶ ያስመጣው ልጅ ነው። ቀዝቃዛ የኅዳር ቀን ነበር። በራችን ላይ የቆመው ሰው ረጅም፣ ቀጭን፣ በስስ ጃኬት የሚንቀጠቀጥ፣ ከከንፈሩ በላይ አመድ የነካው የሚመስል ጢም ያበቀለ ነው። አባቴ ከወንበሩ ሲነሣ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ትከሻውን ደጋግሞ ሳመው፣ ከዚያ ራቅ አድርጎ ይዞ አየውና፣ «እንዲህ ጎበዝ ሆነኸልኛል?» አለ።

ሰማሁት። እናቴም፣ ብርጭቆዎቹም ሰሙት። አባቴ ቃሉን ያውቀዋል። ያውቀውና ከእኔ አስቀርቶት ኖሯል። ይህ ልጅ ምን ሠራ? ደረጃ ወጣ፣ በር አንኳኳ፣ ቆመ። እኔ ቆሜ ጎበዝ ተብዬ አላውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ጎበዝ እንደ ዝናብ ይወርድ ጀመር፤ እኔ ላይ ግን ጠብ አይልም። «ና ጎበዝ፣ ተቀመጥ።» «አንተ ጎበዝ፣ ብላ እንጂ።» «ጎበዝ፣ ያን ሣጥን ወደዚህ አምጣው።» አንድ እሑድ ደሳለኝ እስከ ቀትር ተኝቶ ዋለ፤ አባቴ በሩን ገፋ አድርጎ «ጎበዝ፣ አልነጋም?» አለው። ተኝቶ! እኔ ዋና ተምሬ፣ አይንስ አምጥቼ፣ ፊደል ቆጥሬ ያላገኘሁትን እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ አገኘው። 

ከቃሉ የባሰ ደግሞ ሣቁ ነበር። ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቱ ይቀመጣሉ። አባቴ፣ ያ ጨው አቀብዪኝ የሚለው ሰው፣ ያወራል። የወንዝ ስም ይጠይቃል፣ የበሬ ስም ይጠይቃል፣ ማን ማንን አገባ ይጠይቃል። ደሳለኝ ሲመልስለት «ኧረግ!» ብሎ ጭኑን ይመታና ይሥቃል። ሥቆ የማያውቅ አባቴ ሲሥቅ ጥርሱ እንዲህ ነው እንዴ ብዬ ከበሩ ሥር አየሁት። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በጀርመንኛ ነበር የምመልሰው፤ እንደ እኔ ያደግን ሁላችንም እንዲያ ነበርን። አሁን ግን በሩ ላይ ቆሜ ቃል መልቀም ጀመርኩ። ሞፈር፣ ቀንበር፣ አውድማ፣ ገደል። ቅዳሜ ሲመጣ ጋሽ መኮንንን እጠይቃለሁ። «ሞፈር? ሞፈር ለምን ፈለግሽው?» ይሉኛል ግራ ገብቷቸው። ሰዎች ጀርመን ተወልደሽ አማርኛውን እንዴት እንዲህ ቻልሽው ሲሉኝ የእናት ቋንቋ፣ የአባት አገር እያልኩ ጥሩ ጥሩ መልስ እሰጣለሁ። እውነቱ ግን አማርኛ የተማርኩት በቅናት ነው።

አባቴ ይባስ ብሎ ደሳለኝን ጀርመንኛ እንዳስጠናው አዘዘኝ። «ልጄ፣ ለወንድምሽ አንድ ሁለት ቃል አሳዪው» አለኝ። አስጠናሁት፣ ግን ፊቴን አጥቁሬ ነው። ጠጋ ብሎ ደብተሩን ሲያይ «ጌ ቬክ!» እለዋለሁ፣ ዞር በል ማለት ነው። መጀመሪያ አጣርቶ የተማረው የጀርመን ቃል ይኸው ይመስለኛል። እሱ ግን አይቆጣም። በዚያ ትልቅ እጁ እርሳሷን ሊሰብራት የፈራ ይመስል በሦስት ጣቱ ይዞ ይጽፋል።

ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ቤታችን የንባብ ውድድር አዘጋጀ። ከየክፍሉ አንድ ልጅ ተመርጦ ወላጆች ባሉበት ያነባል፤ ከክፍሌ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አባቴ የሥራ ፈረቃውን ከሌላ ሠራተኛ ጋር ተለዋውጦ መጣ፤ እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ደሳለኝን አስከትሎ ነው የመጣው። ሁለቱ መጨረሻው ረድፍ ላይ ለልጅ የተሠራ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ሲቀመጡ አየኋቸው። አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ያን ቀን ከነበሩት ሁሉ የተሻለ አንባቢ እኔ መሆኔ ሲነገር አዳራሹ አጨበጨበ፣ አስተማሪዬ አቀፈችኝ፣ ጓደኞቼ ጮሁ። እኔ ግን ማንንም አልሰማሁም። በወንበሮቹ መሐል እየተሹለከለክሁ ወደ አባቴ ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ። ዛሬ ካላለኝ መቼም አይለኝም።

ዓይኑ እርጥብ ነበር። ጸጉሬን ዳሰሰኝና «ሸጋ አነበብሽ ልጄ» አለኝ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ጎበዝ፣ ካፖርቷን ያዝላት» አለ ለደሳለኝ።

በሰው ፊት ጮህኩ። በጀርመንኛ ነው የጮህኩት፣ ያነበብኩት እኔ፣ ጎበዝ እሱ ነው ወይ እያልኩ። አባቴ ምን እንደነካኝ አልገባውም፤ እጁን ሲዘረጋልኝ አምልጬው ወጣሁ። ግቢውን አቋርጬ፣ ፌርማታው ላይ የቆመ አሥራ አንድ ቁጥር አገኘሁና ገባሁበት። ወዴት እንደሚሄድ አላየሁም። በሩ ሲዘጋ ካፖርት እንዳልለበስኩ ገባኝ።

ባቡሩ ከተማውን ሁሉ አቋረጠ። ዋናው ጣቢያ አለፈ፣ የበራባቸው ሱቆች አለፉ፣ ሰው እየወረደ እየወረደ እየሳሳ ሄደ። ውጭው ደንገዝገዝ ሲል ከመስኮቱ ላይ የራሴን ፊት ብቻ ማየት ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ ሾፌሩ ዞሮ «መጨረሻ ነው፣ ውረጂ» አለኝ። ወረድኩ። አባቴ በየቀኑ የሚወርድበት ፌኸንሃይም ይኸው ነበር። ከማይን ወንዝ የሚመጣው ነፋስ እርጥብ ብረት ይሸታል፤ ወዲያ ማዶ የፋብሪካ ጭስ ይታያል። የአባቴ ካፖርት ሽታ ከዚህ እንደሚመጣ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንዳላለቅስ ጥርሴን ነከስኩ።

ከኋለኛው ፉርጎ ደሳለኝ ወረደ። ተከትሎኝ ሮጦ በሩ ሊዘጋ ሲል ነበር የገባው። ትኬት የለውም፣ ቋንቋ የለውም፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር ደሙ ይደርቃል። ያን ሁሉ መንገድ እኔ የት እንደምወርድ እየጠበቀ በሩ አጠገብ ቆሞ ነው የመጣው። ካፖርቴን በሁለት እጁ ታቅፎታል።

«ልበሺው» አለኝ።

«ጌ ቬክ!» አልኩት። ያን ቃል አሳምሮ ያውቀዋል። ካፖርቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ራቅ ብሎ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲከተለኝ በረገጠው የቀለጠ በረዶ ከጫማው ውሃ ይንጠፈጠፋል።

ከቆይታ በኋላ፣ «ጎበዝ ስላለኝ ነው የተቆጣሽ?» አለኝ። ቃሉን ስጮህ ለይቶ ሰምቶታል።  «ውሰጂው። እኔ አልፈልገውም» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት። ከዚያ በኋላ የነገረኝን ያን ዕለት ግማሹን እንኳ አልሰማሁትም፣ አማርኛው ፈጥኖብኝ ነበር። በኋላ በስንት ጊዜ ጠይቄ ጠይቄ ነው የሞላሁት። እንዲህ ነበር ያለኝ። «አባቴ የሞተ ጊዜ፣ ሰልስቱን እንዳወጣን፣ ዘመድ ተሰብስቦ ‹እንግዲህ አንተ ጎበዝ ነህ› አለኝ። ባንቺ ዕድሜ ነበርኩ፣ ትንሽ ብበልጥ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ እራት ስታቀርብ ከታናናሾቼ ጋር አታስቀምጠኝም። ከብት ማደሪያ የማድር እኔ፣ በሰው ስብሰባ የምቆም እኔ፣ ተማሪ ቤትም ያን ዓመት ቀረ። ወታደር ሲመለመል ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣና ‹እዚህ ቤት ያለው ጎበዝ ይውጣ› አለ። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። ‹ኧረ ልጅ ነው፣ ኧረ ገና ልጅ ነው› አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ልጅ ስትለኝ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁ። በማግሥቱ ከነጋዴ ጋር ወደ ሱዳን ሰደደችኝ።»

 ባዶ ባቡር ዞሮ ወደ ከተማ ተመለሰ። ቀጥሎ ያለኝ ግን በደንብ ገብቶኛል፣ ቃሎቹ የማውቃቸው ነበሩና። «አንቺን ‹ልጄ› ይልሻል» አለ። «ጠዋት ‹ልጄ ተነሺ›፣ ማታ ‹ልጄ በላሽ ወይ›። ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ እሰማለሁ።»

ቀናሁብሽ አላለኝም። ማለትም አላስፈለገውም። ያን በሽታ እኔ ራሴ ታምሜው ስለማውቀው ከድምፁ ለየሁት። የምቀናበት ሰው በእኔ ይቀና ነበር። ያውም በቀላሏ ቃል፣ አባቴ በቀን ስንቴ እንደሚላት ልብ ብዬ በማላውቃት፣ እንደ አየር በምስባት ቃል።

አባቴ ሁለት ባቡር ቆይቶ ደረሰ። ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ሲያጣን ወዴት እንደሄድኩ ፌርማታ ላይ የቆሙ ሰዎችን ጠይቆ ነው የመጣው። ባርኔጣው የለም። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ደሳለኝን በዓይኑ መረመረን፣ የጎደለ ነገር እንዳለን የሚያይ ይመስል። አልተቆጣም። እኔን አጠገቡ፣ ደሳለኝን ፊት ለፊታችን አስቀምጦ ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን።

ከዚያ በፊት ለአባቴ ረጅም ነገር በአማርኛ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ቃሎቹን በልቤ ደረደርኳቸውና፣ «አባዬ፣ እኔን ለምን ጎበዝ አትለኝም?» አልኩት።

አባቴ ግራ ገብቶት አየኝ። «አንቺን?» አለ። «አንቺ ምን በወጣሽ!»

ማስረዳት እንዳለበት ገባው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «እኛ አገር እኮ ጎበዝ ይላካል። ወንዝ ቢሞላ የሚገባበት ጎበዝ ነው፣ ጠብ ቢነሣ የሚወጣ ጎበዝ ነው። ሴት ልጅ ጎበዝ አትባልም፣ ሕፃንም አይባልም። አንቺን እኔ የት ልልክሽ? ያነበብሽው ሸጋ ነው። ሸጋ እኮ ትልቅ ነገር ነው ልጄ፤ መልኩም፣ ሥራውም፣ ልቡም የተስተካከለ ሰው ነው ሸጋ የሚባል። እናቴን ነበር ሰው ሸጋ የሚላት።»

እንዲህ ብሎ እንደጨረሰ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ፊት ለፊታችን ደሳለኝ ተቀምጧል፣ ፊቱን ወደ ጥቁሩ መስኮት አዙሮ። ጎበዝ ይላካል ያለው አባቴ፣ በየቀኑ ጎበዝ የሚለው ያን ልጅ ነው።  ከዚያ ከአጠገቤ ተነሣ፣ ባቡሩ እያወዛወዘው ተሻገረና ከደሳለኝ ጎን ተቀመጠ። ማጅራቱን በዚያ ሻካራ መዳፉ ያዝ አድርጎ፣ «አንተም ገና ነህ» አለው። «አንተም ገና ልጅ ነህ።»

 የደሳለኝ ትከሻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? አዘንኩለት ማለት ደግ ነበር። አዝኜለታለሁም። ግን አጠገቤ ያለው ወንበር አባቴ ሲነሣበት ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ፤ ያን ቃል ሲሰጠው ከእኔ ቆርሶ የሰጠው መሰለኝ። «ጎበዝ»ን ለማግኘት ሄጄ «ልጄ»ን አካፍዬ ተመለስኩ።

እናቴ በር ላይ በነጠላ ጫማ ቆማ ጠበቀችን፤ እኔን ሳመችኝ፣ ቆነጠጠችኝ፣ እንደገና ሳመችኝ። አባቴ ጎን ወስዶ ሁለት ሦስት ቃል ሲነግራት ከንፈሯን መጠጠች። የአዲስ አበባ ሴት ናትና ቃል አይቸግራትም። ከእሷ በክንድ የሚረዝመውን፣ ጢም ያበቀለውን ደሳለኝን እጁን ይዛ፣ «ና ማሙሽ፣ እግርህ በስብሷል» አለችው። አስቀምጣ ካልሲውን አወለቀችለት፣ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ማሙሽ የሚባለው ዳዴ የሚል ሕፃን ነው። ደሳለኝ ሣቅ አፈነው፤ ከዚያ ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። እናቴ ወጥ የምታማስል መስላ ጀርባዋን ሰጠችው።

አባቴ ደሳለኝን ዕድሜው እንደፈቀደ ፋብሪካ ሊያስገባው ነበር ሐሳቡ፤ ሠራተኛ ይፈለጋል፣ እሱ ደግሞ ጎበዝ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ይህ ነገር ተነሥቶ አያውቅም። ቋንቋ ትምህርት ቤት ገባ፣ ከእሱ በሚያንሱ ልጆች መሐል ጉልበቱን አጥፎ ተማረ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሙያ ተማረ። እኔም ማስጠናቴን ቀጠልኩ። ፊቴን ማጥቆሬን ግን ባንዴ አልተውኩትም፤ ቅናት እንደ ጉንፋን ነው፣ ለቀቀኝ ሲሉት ማታ ማታ ይመለሳል። ትምህርቱን ጨርሶ ወረቀቱን ያመጣ ዕለት አባቴ «ሸጋ ነው ልጄ» አለው፣ ሁለቱንም ቃል ባንድ ላይ። ሥቄ አጨበጨብኩ። ክፍሌ ገብቼ ደግሞ ትራሴን በቡጢ መታሁት።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። በታመመ ሰሞን ከአልጋው ሆኖ «ልጄ!» ብሎ ሲጣራ እኔም ደሳለኝም እኩል «አቤት» እንላለን። ማንን እንደፈለገ እስኪናገር እንተያያለን። ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው እሱን ነበር፤ ማንሣት፣ ማዞር፣ ደግፎ ማስቀመጥ ስለሚችል። በዚያ ዕድሜዬም፣ ልጅ ወልጄ፣ ጸጉሬ ሸብቶ፣ አልጋው አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ እቀና ነበር። ሲቀብሩት ከደሳለኝ ጋር ተያይዘን ነው ያለቀስነው። ወንድሜ የምለው እሱን ነው፣ ሌላ የለኝም።

ቃሉ ግን አልለቀቀኝም። በየሄድኩበት ከሰው አፍ ላይ ሳደምጠው ኖርኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ስብሰባ ሲረዝምባቸው «ጎበዝ፣ ሰዓቱ ሄደ እኮ» ይላሉ፤ አንድም ጎረምሳ በሌለበት፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ። አንድ ጊዜ ካህኑ አባታችንን «አባ፣ ይህ ቃል ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከየት እንደመጣ እንደማያውቁ ነገሩኝ። «እኔ ልጅ ሆኜ ግን ጎልማሳ ማለት ነበር። ደፋርም እንል ነበር። ኋላ ተማሪ ቤቱ በየቦታው ሲከፈት አስተማሪው ለንባብ አደረገው፣ ከዚያ ለሴቱም ለሕፃኑም ሆነ» አሉኝ። ልክ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ለእኔ ቤት ግን ልክ ነበሩ። አባቴና እናቴ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው በአንድ ቃል ሁለት ዘመን ይናገሩ ነበር፤ እኔ መሐላቸው ሆኜ ያጣሁ መሰለኝ።

አሁን የቅዳሜውን ትምህርት የሚማረው የእኔ ልጅ ናታን ነው፣ ከደሳለኝ ሴት ልጅ ጋር። ባለፈው ሳምንት ደሳለኝ በመኪናው ሊመልሰን መጣ። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው ስለ አንድ የክፍል ጓደኛቸው በጀርመንኛ ያማሉ፤ ልጁ ሁልጊዜ እጁን የሚያወጣ፣ ከአስተማሪዋ ሥር የማይጠፋ፣ ያልታዘዘውን የቤት ሥራ ሳይቀር ሠርቶ የሚመጣ ነው። ናታን አፍንጫውን ነፋና «ዴር ኢስት ዞ አይን ጎበዝ!» አለ። እሱ እኮ እንዲህ ያለ ጎበዝ ነው ማለቱ ነው፣ ያ የማይቻለው፣ ያ አሸርጋጁ። የደሳለኝ ልጅ ሣቀች። በእነሱ መሐል ስድብ ሆኗል። አስተማሪዋ ወረቀታቸው ላይ ስትጽፍባቸው እንዳይታይባቸው አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል።

እኔ ልቆጣ ዞርኩ። ደሳለኝ ግን መሪው ላይ ተደፍቶ መሣቅ ጀመረ። መኪናውን ዳር አውጥቶ አቆመና ዕንባውን እየጠረገ ሣቀ። «እንኳንም ቀለለ» አለኝ ትንፋሹ ሲመለስ። «እንኳንም እንዲህ ቀለለ እህቴ።»

ናታን ከኋላ ብቅ ብሎ ምን እንደሚያሥቀው በጀርመንኛ ጠየቀው። «ምንም አይደል፣ ልጄ» አለው ደሳለኝ፤ ድምፁ የአባቴ ድምፅ ነበር፣ ያው ጎጃምኛው፣ ያው ቁጥቡ። ናታን መልሱን ሳያዳምጥ ተመልሶ ስልኩ ላይ ተደፋ። እኛ ያን ጊዜ ለአንዲት ቃል ከተማ አቋርጠናል፣ አንዳችን በሌላችን ስንቃጠል ኖረናል። እነዚህ ደግሞ ሁለቱንም ቃል ጭናቸው ላይ ጥለንላቸው፣ «ልጄ»ን እንኳ ቀና ብለው አይቀበሉትም። የተናደድኩ መሰለኝ፣ ቆይቼ ሳስበው ግን ንዴት አልነበረም። የአባቴን ድምፅ ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን በሚችለው በገዛ ልጄ ቀንቼ ነበር።